ያለ ጫማ የሚቆም እግር

ሳጉሬ፣ ኅዳር 5 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ከወንድሜ ከካሣዬ ለቀረችኝ ልጅ፣ ለሶፊ፤ ጎተንበርግ፣ ስዊድን።

እመቤቴ ከብርዱም ከክፉ ሰውም ትሰውርሽ። እኛ በቸር አለን። ገብሱ ገብቷል፣ ስንዴው እየታጨደ ነው፤ ወደ ኢተያ የሚያልፉት ኮምባይነሮች አቧራቸውን መጋዘኔ ድረስ እያስገቡ ያስነጥሱኛል።

ይህን ደብዳቤ ልጄ ትንሳኤ በስልኳ ፎቶ አንስታ በቴሌግራም ትልክልሻለች። «ለምን ደውለሽ አታወሪያትም?» ትለኛለች። ኔትወርኩ እየተቆራረጠ «ሃሎ! ሃሎ!» ስል ገበያው ሁሉ ጉዳዬን ይሰማል። ወረቀት ላይ ግን የሚያቋርጠኝ የለም። ምላስ ያለው ሰው መቋረጥ አይወድም፣ ታውቂኛለሽ።

ያ አይሱዙ ወደ ኋላ ሲሄድ ከጉልበቴ በታች ከቆረጠኝ ወዲህ ይኸው ሁለተኛ መኸሬ ነው። አዲስ አበባ የሠሩልኝ እግር ደህና ነው። ቆሜ እህል አስመዝናለሁ፣ ገበሬዎቹም «አዴ የሺ» እያሉ እንደ ድሯችን ይከራከሩኛል። ከንፈር የሚመጡልኝ አንዳንድ ሴቶች አሉ። «ከንፈርሽን ለራስሽ ያዢና ስንት ኩንታል እንዳመጣሽ ንገሪኝ» እላቸዋለሁ።

ስለ ትምህርትሽ ይጠይቁኛል። «የኢንጂነር ሁለተኛ ዲግሪ ነው» ስላቸው «የመንገድ ነው የሕንፃ?» ይላሉ። «የእግር ነው» ስል ይስቁብኛል። ልጅ ሳለሁ እነዚያ «ካዱ» የሚባለው የእርሻ ልማት ድርጅት ስዊድኖች አሰላ መጥተው ላም አዳቀሉ፣ ስንዴ አስዘሩ። አሁን ደግሞ እግር ማስተማር ጀመሩ እንዴ? አስረጂኝና እኔም መልሼ ልሳቅባቸው።

የትንሳኤ ተክሊል ለግንቦት 10 ተቆርጧል። እጮኛዋ ይበልጣል ይባላል፣ የአርቦዬ ልጅ ነው፣ ጨዋ ነው። እኔ እንኳ ነገር ፈልጌ አጣሁበት።

አንዲት ጥያቄ አለችኝ። ሰው ሠራሽ እግር ያለው ሰው ጫማውን ሲያወልቅ ለምንድን ነው ወደ ኋላ የሚጥለው? የምጠይቅሽ ለሌላ ሰው ነው።

የሚወድሽን ሁሉ አያሳጣሽ።
አክስትሽ የሺሃረግ


ጎተንበርግ፣ ኅዳር 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለማከብርዎ ለእትዬ የሺ፤ ጤናዎ እንደ ምላስዎ ይበርታልኝ።

ደብዳቤዎን አውቶቡስ ላይ ሆኜ አነበብኩት፤ ብቻዬን ስስቅ ሰዎቹ ፈርተውኝ ራቅ ብለው ተቀመጡ። እዚህ ከምሳ በኋላ ወዲያው ይጨልማል። ደህና ነኝ፣ በልቼ አድራለሁ፣ አይስጉ።

ለሚስቁብዎት እንዲህ ይበሏቸው፦ የምማረው ሪሃቢሊቴሽን ኢንጂነሪንግ ይባላል። አካሉ የተጎዳ ሰው የሚሄድበትን፣ የሚይዝበትን፣ የሚሰማበትን መሣሪያ መሥራት ነው። አዳማ ስማር የሞተርና የብረት ሥራ ተምሬያለሁ፤ እዚህ ደግሞ ያንኑ ብረት ከሰው ጋር ማስማማት ነው። ብረቱ ቀላል ነው፣ ሰውየው ነው የሚያስቸግረው። አማካሪዬ ለመመረቂያ ሥራዬ በኤሌክትሪክ የሚታጠፍ ጣት ያለው እጅ ላይ እንድሠራ ትፈልጋለች።

አሁን ወደ «ሌላው ሰው» ልምጣ። እግሩ ሲሠራ ባለሙያው ቁርጭምጭሚቱን የሚያስተካክለው በሚደረገው ጫማ ተረከዝ ልክ ነው። ጫማው ሲወልቅ ከተረከዙ ሥር የነበረው ከፍታ ይጠፋል፤ ያኔ እግሩ ሰውየውን ወደ ኋላ ይገፋዋል። እግሩ አልተበላሸም፣ ሰውየውም አልደከመም። እግሩ ጫማ ካልተደረገለት መቆም አያውቅም፣ ይኸው ነው።

እትዬ፣ የት ነው የወደቁት? በእኔ ይሁንብዎ፣ አይደብቁኝ።

ልጅዎ ሶፊ


ሳጉሬ፣ ታኅሣሥ 20 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለሶፊ፤ የአባትሽ አምላክ ካሰብሽበት ያድርስሽ።

የዘገየሁት ስላኮረፍኩ ነው። «ለሌላ ሰው ነው» ካልኩሽ ለሌላ ሰው ነው ብለሽ ዝም አትይም ነበር? አባትሽም እንዲህ ነበር፣ የሰው ገበና ሳይከፍት አያድርም።

እሺ፣ ቤተ ክርስቲያን ነው የወደቅኩት። በጽጌ፣ በአንደኛው እሑድ፤ በአዲሱ እግር መጀመሪያ የገባሁበት ቀን ነው። እንደ ሰው ሁሉ ሁለቱንም ጫማዬን በር ላይ አውልቄ ገባሁ። ሌላ ምን ላደርግ ኖሯል? ከተወለድኩ ጀምሮ የማውቀው ያንን ነው። በሴቶቹ በኩል ቆምኩ። ወንጌል ሊነበብ ሰው ሁሉ ቀጥ ሲል እኔ ሰማይ ሰማይ እያየሁ ወደ ኋላ ሄድኩ። ከኋላዬ የነበሩት ሴቶች ባይዙኝ ጭንቅላቴ ይፈነከት ነበር። ስለያዙኝስ እግዜር ይስጣቸው። ግን ሁሉም አንድ ላይ ከንፈራቸውን መጠጡ። ቅዳሴ መሀል! ድምፁ አሁንም ጆሮዬ ላይ አለ።

አባ ኃይለየሱስ ቤት ድረስ መጥተው «የሺ፣ አንቺ ጫማሽን አድርገሽ ግቢ፤ እግዚአብሔር ልብሽን ያያል» አሉኝ። ደግ ሰው ናቸው፣ እጃቸውን ሳምኩ። ግን አላደርገውም። እሳቸው ቢፈቅዱልኝም እኔ ለራሴ አልፈቀድኩም። እግሬን ያ አይሱዙ ወሰደው፣ እሺ፤ ሥርዓቴንም አስከትዬ አልሰጠውም። ከዚያ ወዲህ ከውጭ፣ ከዛፉ ሥር ሆኜ ነው የማስቀድሰው።

ለትንሳኤ ተክሊል ግን ዛፍ ሥር አልቆምም። አንድ ልጄ ናት። አክሊል ሲደፋላት ከውስጥ፣ ባዶ እግሬን፣ ቆሜ ነው የማያት። እግር ትማሪ የለ? በይ እንግዲህ፣ ያለ ጫማ የሚቆም እግር ሥሪልኝ። ካንቺ ሌላ የምጠይቀው የለኝም።

አክስትሽ የሺሃረግ


ጎተንበርግ፣ ጥር 12 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእትዬ የሺ፤ የጥምቀቱ በረከት ከደጅዎ አይራቅ።

ደብዳቤዎን ካነበብኩ በኋላ አማካሪዬ ዘንድ ሄጄ «የኤሌክትሪኩን እጅ አልሠራም፤ ጫማ ሲወልቅ የሚስተካከል እግር ነው የምሠራው» አልኳት። «እንዲህ ያለ እግር እኮ ተሠርቷል» አለችኝ። ዋጋውን አይታው ታውቅ እንደሆነ ጠየቅኳት፤ የእኛ ሰው ለአንዱ እግር ቤቱን መሸጥ አለበት። «የአንዲት አክስት ችግር የመመረቂያ ርዕስ አይሆንም» አለች። እኔም አልተውም አልኩ። ክፉ ሴት አይደለችም፤ ግን እሷም እንደኛ ግትር ናት፤ ሁለት ግትር ሰው አንድ ቢሮ ውስጥ ሲቀመጥ መቼስ ያውቁታል።

ለጊዜው ከሁሴኖ ጋር ትንሽ ዕቃ ልኬልዎታለሁ። እዚህ አውቶቡስ የሚነዳው የአሰላው ልጅ ነው፣ ለእረፍት እየመጣ ነው። ዕቃው ከቡሽ የሠራሁት ስስ ተረከዝ ነው። በሰው ሠራሹ እግር ሥር ይጣበቃል፤ ከላይ ጥቁር ካልሲ ሲያደርጉበት ማንም አያውቅብዎትም። ቤት ውስጥ ግድግዳ ይዘው ይሞክሩት።

ልጅዎ ሶፊ


ሳጉሬ፣ የካቲት 3 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለሶፊ፤ እግዚአብሔር አእምሮሽን ይጨምርልሽ፣ ያለሽንም አይቀንስብሽ።

ቡሹ ደርሶኛል። ጎበዝ ነሽ፣ አልጣለኝም። ቤት ውስጥ ወዲያ ወዲህ አልኩበት፣ ትንሳኤ አጨበጨበች። እሑድ አድርጌው ሄድኩ። በሩ ላይ ስደርስ ግን እግሬን አይቼ አፈርኩ። «ማንም አያውቅብዎትም» ብለሽ ጻፍሽልኝ አይደል? ማንም ማለት ማን ነው? ውስጥ ያለውን ረሳሽው? ከእግርና ከመሬት መሀል የገባ ነገር ጫማ ነው፤ ካልሲ ስላለበስሽው ጫማነቱ አይቀርም። እግዚአብሔርን በካልሲ ልታታልይው? ተመልሼ ዛፌ ሥር ቆምኩ።

አትቆጪ። የምፈልገው የሚያታልል እግር ሳይሆን እግሩ ራሱ መሬቱን የሚያገኝበትን ነው።

ደግሞ ከዲሮ ተቆጥቶሻል። ከመጋዘኔ ጎን ጎሚስታ የሚሠራውን ከዲሮን ታውቂዋለሽ፤ እሱም እግሩን በስኳር በሽታ ካጣ ቆይቷል። መስጊድ ሲገባ ጫማ ማውለቅ አለ፤ ያው ወደ ኋላ ስለሚጥለው ከግድግዳ ተጠግቶ ነው የሚሰግደው። «አክስቷ ብቻ ናት እንዴ እግር ያጣችው? እኛስ ሰው አይደለንም?» አለኝ። ጎማ መፍቻውን ይዞ ስለነበር አልተከራከርኩትም። ለዚያች አማካሪሽ ንገሪያት፦ የአንዲት አክስት ችግር አይደለም።

አክስትሽ የሺሃረግ


ጎተንበርግ፣ መጋቢት 15 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእትዬ የሺ፤ ጾሙን በሰላም ያስፈጽምዎ።

እሰይ! ተፈቀደልኝ።

ደብዳቤዎን ተርጉሜ ለአማካሪዬ አነበብኩላት። ከዲሮ ጎማ መፍቻ ይዞ ሲቆጣ ስትሰማ ሳቀች። ከዚያ አንድ ነገር ታየኝ። እዚህ አገር ሰው ቤት ሲገባ ጫማ በር ላይ ይወልቃል፤ በክረምቱ ብርድ እንኳ ሁሉም በካልሲ ነው የሚንጎራደደው። «ባለፈው እራት ስትጋብዢኝ ጫማዬን በር ላይ አላስወለቅሽኝም? አንቺ ቤት የሚመጣ አንድ እግር ያጣ እንግዳስ ምን ይሁን?» አልኳት። «እናቴም ቤት ውስጥ ነው የወደቀችው» አለች። ርዕሴን ፈረመችልኝ፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ ከእኔ በላይ የምትተጋበት እሷ ሆናለች።

እግሩን ሠርቼዋለሁ። ቁርጭምጭሚቱ ላይ መቆለፊያ አለ። በር ላይ ደርሰው ጫማዎን ሲያወልቁ ጎንበስ ብለው ይጫኑታል፤ እግሩ ዘንበል ይልና ራቁት ተረከዙ መሬቱን ያገኛል። ሲወጡ ይመልሱታል። ከሥሩ ምንም የለበትም፣ ምንም! ጠረጴዛዬ ላይ ቆሟል፤ ባየሁት ቁጥር እርስዎ የቆሙ ይመስለኛል።

መቼ እንደምልከው ወደፊት እጽፍልዎታለሁ።

ልጅዎ ሶፊ


ሳጉሬ፣ መጋቢት 28 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለሶፊ፤ በረከት ይብዛልሽ፤ ፍጥነትም ይጨመርልሽ።

«ወደፊት» ማለት መቼ ነው? ፋሲካ ደረሰ። ከፋሲካ በኋላ ያለውን ጊዜ አንቺ ኢንጂነሯ ቁጠሪው።

የሁሴኖ ሚስት በበዓሉ ሰሞን ትመጣለች ሲሉ ሰምቻለሁ። ሻንጣዋ ውስጥ ክተቺልኝ። እግር ነው ብላ ካፈረች በፎጣ ጠቅልይው። አዲስ አበባ እግሬን የሠራልኝ ባለሙያ ይገጥምልኛል፤ ሄጄ አነጋግሬዋለሁ፣ እሺ ብሏል። ለመለማመድ ጊዜ ያስፈልገኛል። አሮጊት ነኝ፣ እንደ ጥጃ ዘልዬ አልለምደውም።

ከዛፍ ሥር ቆሜ ማስቀደስ መሮኛል። ሰው ሰላም ብሎኝ ያልፋል፣ እነሱ ይገባሉ፣ እኔ እቀራለሁ። ለማንም ሳልናገር ስንት ጊዜ አልቅሻለሁ። ለአንቺ ነገርኩሽ፣ በቃ። ላኪልኝ።

አክስትሽ የሺሃረግ


ጎተንበርግ፣ ሚያዝያ 8 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእትዬ የሺ።

አልልክም።

ባለፈው ደብዳቤ ያልነገርኩዎ ነገር አለ። እግሩን በማሽን ፈትነነዋል። ማሽኑ እንደ ሰው እየረገጠ፣ እየረገጠ ያደክመዋል። መጀመሪያ ደህና ነበር። ኋላ ግን መቆለፊያው ማንም ሳይነካው ለቀቀ። ደግሜ ሠራሁት፣ ደግሞ ለቀቀ። ሰው ላይ ለመሞከር የሚፈቅደው ኮሚቴም ይህን አይቶ ከልክሎኛል።

በፎጣ ጠቅልዬ መላክ እችላለሁ፤ ማንም አያይም። ይህን ያሰብኩበት ቀን አለ፤ ሻንጣው እንኳ ተከፍቶ ነበር። ግን ትንሳኤ አክሊል ደፍታ እርስዎ እዚያው መሀል ቢወድቁስ? በዚህ ጊዜ ጭንቅላትዎ ቢመታስ? እኔ በሠራሁት እግር! «ሥርዓቴን አልሰጥም» እንዳሉኝ፣ እኔም እርስዎን ለማይታመን መቆለፊያ አሳልፌ አልሰጥም። ግትርነቱን ከማን እንደወረስኩት ያውቃሉ።

ይቆጡኝ፣ ይርገሙኝ። አልልክም።

ሶፊ


ሳጉሬ፣ ሚያዝያ 15 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለሶፊ።

ደብዳቤሽ ደርሶኛል። ደህና ሁኚ።

የሺሃረግ


ጎተንበርግ፣ ግንቦት 4 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእትዬ የሺ፤ ቢያኮርፉኝም በየቀኑ አስብዎታለሁ።

ዝምታዎ ከብርዱ ብሷል። ትንሳኤ ስደውልላት «እማዬ ደህና ናት» ብላ ወዲያው ወሬ ትቀይርብኛለች።

መቆለፊያውን እንደ አዲስ ሠርቼዋለሁ። አሁን ማሽኑ አላሸነፈውም። ኮሚቴውም በፈቃደኛ ሰዎች ላይ እንድሞክረው ተስማምቷል፤ የሚሞከረው በጥቅምት፣ አሰላ ነው። ከአማካሪዬ ጋር እንመጣለን። ለተክሊሉ ግን አይደርስም፣ እኔም አልደርስም።

በሞቴ እትዬ፣ ለዚያች አንዲት ቀን ብቻ ጫማዎን አድርገው ይግቡ። አባ ኃይለየሱስ ፈቅደውልዎታል። ከውጭ እንዳይቀሩ።

ልጅዎ ሶፊ


ሳጉሬ፣ ግንቦት 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለወንድሜ ልጅ ለሶፊ፤ ለሠርገኞቹ የተመረቀው ምርቃት ላንቺም ይድረስሽ።

መጀመሪያ፣ «በሞቴ» እያልሽ ከእንግዲህ እንዳትለምኚኝ። የአባትሽ ሞት ይበቃኛል።

ሁለተኛ፣ ጫማዬን አድርጌ አልገባሁም። ከውጭም አልቀረሁም። አሁን አርፈሽ አንብቢ።

እሑድ ጠዋት የሐበሻ ቀሚሴን ለብሼ፣ ሁለት ክራንች ይዤ ሄድኩ። ክራንቹን ሲያዩ ደክሟት ነው ብለው አሰቡ። በሩ አጠገብ ባለ ትራስ ወንበር ጨርቅ አልብሰው አስቀምጠውልኛል፤ አሳቢዎቹ! «እማማ፣ እዚህ ሆነው ይመልከቱ» አሉኝ። ተቀመጥኩ። የደህናውን እግሬን ጫማ አወለቅኩ። ቀጥዬ ያንን ሌላውን እግር ከነጫማው፣ ከነማሰሪያው ፈታሁት። ያጠገቤ ሰዎች ፊታቸውን አዞሩ። ተነሥቼ እግሩን ወንበሩ ላይ አስቀመጥኩትና «እሱ ነው የደከመው፣ እሱ ይቀመጥ። እኔ ገብቼ እቆማለሁ» አልኳቸው።

ገባሁ። በአንዲት እግሬ፣ እሷንም ባዶዋን። የድንጋዩ ቅዝቃዜ እስከ ጉልበቴ ተሰማኝ፣ ሶፊዬ። ይህን ሁሉ ወር የናፈቀኝ ለካ እሱ ነው። አንዷ ሴት ከንፈሯን ልትመጥ ስትጀምር ዞር ብዬ አየኋት፤ መልሳ ዋጠችው። ብብቴ ተላጠ፣ ክንዴ ዛለ። አባ ኃይለየሱስ በመሀል አይተውኝ ራሳቸውን ነቀነቁ፤ እሺ ማለታቸው ይሁን ወይ ጉድ ማለታቸው አልገባኝም። ለትንሳኤ አክሊሉ ሲደፋላት ቀና ብላ ፈለገችኝ። አገኘችኝ። አለቀስኩ፣ ግን አልተቀመጥኩም።

ከዲሮ ይህን ሲሰማ «እኔማ እንዳንቺ ክንድ የለኝም፤ ልጅቷ ቶሎ ትምጣ» አለ። እውነቱን ነው። ክንዴ እስከዛሬ ሸማኔ እንደተጫወተበት ክር ሆኗል፤ በየሳምንቱ እንዲህ መቆም አልችልም። እግርሽን እፈልገዋለሁ፣ ይህን እወቂው።

ስላልላክሽልኝ ተቀይሜሻለሁ። ገና አልበረደልኝም። ብትልኪልኝ ኖሮ ግን ያለ ጥርጥር አደርገው ነበር፣ ቢጥለኝም ለማንም አልናገርም ነበር። ይህን አውቀሽ ነው የከለከልሽኝ። እንዲህ ያለች ልጅ በሠራችው እግር እረግጣለሁ።

ስለዚህ በጥቅምት አሰላ እመጣለሁ፣ ከዲሮንም አመጣዋለሁ። ለኮሚቴሽ ግን ቀድመሽ ንገሪ። ሙከራውን በሚያብረቀርቅ ወለል ላይ ብቻ እንዳታደርጉት፤ የቤተ ክርስቲያናችን ድንጋይና የመስጊዱ ምንጣፍ ላይም ይሁን። ወረቀታችሁ ላይ «በሽተኛ» ብላችሁ እንዳትጽፉኝ። የሺሃረግ፣ የእህል ነጋዴ፣ ሳጉሬ በሉ።

ትንሳኤና ይበልጣል ደህና ናቸው፣ ፎቶውን ልካልሻለች። ፎቶ አንሺው «እማማ፣ እንዳይታይብዎ ከሰው ኋላ ይቁሙ» ብሎኝ ነበር። ባዶ እግሬ በደንብ እንዲታይ ቀሚሴን ሰብሰብ አድርጌ ከፊት ቆምኩ።

አክስትሽ የሺሃረግ